የሰማይ ሹመት፦ ስለ ጦርነት ሥዕልና ስለ አውሮፕላን

ከወልድያ ተነሥቶ በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ የሚወርድ መንገደኛ በራያ ቆላ ዋጃ ላይ አረፍ ብሎ ሻይ ቢጠጣ፣ በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት የታተሙ ሥዕሎች መካከል የዓድዋን ጦርነት ቢያገኝ የሚያስገርመው አይደለም። በአንድ ወገን ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ፣ በሌላው ወገን የመካ መስጊድ በወርቅማ ሐረግ ተከብቦ፣ በመካከላቸው ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በጥላ ሥር ቆመው ሁለት ሠራዊት ሲተላለቅ ይታያል። እንዲህ ያለው ሥዕል ቀድሞ በአቡጀዲ ላይ በእጅ የሚሣል፣ የሚገዛውም መኰንን ወይም የውጭ አገር እንግዳ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ማተሚያ መኪናው ከአንዱ ቅጂ ሺህ ቅጂ እያወጣ እስከ ቆላው ድረስ ስላወረደው፣ የጦርነት ሥዕል የቤተ መንግሥትና የሙዚየም ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የገበያ ዕቃ ሆኗል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ከተከፈተ ወዲህማ የድሉ ምስል በሸራው፣ በካናቴራው፣ በቀን መቁጠሪያው ላይ ሳይታተም የሚያልፍ የካቲት የለም።

ይህን መስፋፋት የሚነቅፍ ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልቆምም፤ ሥዕል ለድኻ ቤት መድረሱ መልካም ነገር ነውና። ነገር ግን አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከዋጃ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኘው ማይጨው፣ የአባቶቻችን ጦር ከሰማይ በወረደ እሳትና መርዝ የተፈታበት ቦታ፣ በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ የለም። የራቀን ዓድዋ በየቤቱ ተሰቅሎ የቀረበን ማይጨው ያልተሰቀለበትን ምክንያት «ድል ይሸጣል፣ ሽንፈት አይሸጥም» በሚል አጭር መልስ መዝጋት ይቻላል፤ መልሱም በከፊል እውነት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዚህ የጠለቀ ምክንያት አለ፤ እርሱም በጦር ሥዕል ላይ የሰማይ ሹመት ከመለወጡ የመጣ ነው።

አስቀድሞ በውጭው ዓለም ይህ ንግድ እንዴት እንደሚካሄድ ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝና በአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ሥዕል ራሱን የቻለ ሥርዓትና ምእመናን ያሉት ገበያ ነው። ሠዓሊው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውጊያዎች አንዱን በዘይት ቀለም ይሥላል፤ አሳታሚው ቁጥሩን አስቀድሞ ወስኖ ያትመዋል፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ተራ ቁጥሩ ከጠቅላላው ብዛት ጋር ይጻፋል፤ ሠዓሊውም በእርሳስ ይፈርምበታል፤ አንዳንድ ጊዜም በነጩ ኅዳግ ላይ ትንሽ ንድፍ ይጨምርበትና ያ ቅጂ ከወንድሞቹ ይልቅ ይወደዳል። ይሁን እንጂ ዋጋውን ከሁሉ በላይ ከፍ የሚያደርገው የሠዓሊው ሳይሆን በዚያ ውጊያ የተካፈለው የአብራሪው ፊርማ ነው። እንደ ሮበርት ቴይለር ያሉ እንግሊዛውያን ሠዓሊዎች ስማቸውን ያተረፉት በዚህ ዓይነት ሥራ ሲሆን፣ በአደጋ ሁለት እግሩን አጥቶ በሰው ሠራሽ እግር የበረረው ዳግላስ ባደርና የጀርመኑ አዶልፍ ጋላንድ፣ በጦርነቱ ዘመን በአንድ ሰማይ ሲፈላለጉ የነበሩት ሰዎች፣ በሽምግልናቸው ወራት በእንዲህ ዓይነት ወረቀቶች ላይ እጃቸውን አኑረዋል። አብራሪው ሲሞት አዲስ ፊርማ ሊገኝ አይችልምና የቀደመው እየተወደደ ይሄዳል፤ ሞት ራሱ የገበያው ሸሪክ ነው ማለት ነው።

በዚህ ልማድ ውስጥ የሚያስመሰግን ነገር መኖሩን መካድ አይገባም። ሥዕል ምስክር ያሻዋል የሚል እምነት አለበትና፤ ገዢው የሚከፍለው ለቀለሙ ብቻ ሳይሆን «እኔ እዚያ ነበርሁ» ለሚለው እጅ ጭምር ነው። ጉድለቱ ግን እዚያው ምስጋናው ካለበት ቦታ ይጀምራል። ምስክር ሆኖ የሚጠራው በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበረው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ሥዕሉም የሚሣለው ከእርሱ ዓይን ነው፤ ደመናው በፀሐይ ወርቅ ተቀብቶ፣ የክንፉ ብሎን ሳይቀር ተቈጥሮ፣ ምድሪቱ ግን ከታች ርቃና ደብዝዛ የማንም ቤት የሌለባት መስላ ትታያለች። ቦምቡ ከወረደ በኋላ የሚሆነው ነገር ከክፈፉ ውጭ ነው።

የእኛ አገር የጦር ሥዕል ግን ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ነው። ምንጩ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ሠዓሊውም ብዙ ጊዜ ቅዱሳንን በመሣል እጁን የፈታ ሰው ስለነበረ፣ ጦርነቱን ሲሥል የመቅደሱን ሥርዓት ይዞ ነው የወረደው። ወዳጅ ፊቱን አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ጠላት በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህም በስቅለት ሥዕል አይሁድን፣ በገድል ሥዕል አሕዛብንና ሰይጣንን ለመለየት የኖረ ደንብ ነበር። በእያንዳንዱ መኰንን ራስ አጠገብ ስሙ ይጻፋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሽጉጥ ይዘው፣ ራስ መኰንን፣ ራስ አሉላ፣ በመድፉ አጠገብ ባልቻ፣ መስቀል የያዙት አቡነ ማቴዎስ፣ ሁሉም በስማቸው ይጠራሉ። ከላይ በመካከል ደግሞ በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጦሩን ወደ ጠላት ወገን ይሰብቃል። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን፣ ሃያ ሦስትም በየወሩ የሰማዕቱ መታሰቢያ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ይህ አቀማመጥ ጌጥ ሳይሆን የነገረ መለኮት ቃል መሆኑን ይረዳል። ሰማይ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ባለሹመት አለው፤ ባለሹመቱም ከእኛ ወገን ነው።

ይህ ሥዕል ከቤተ መንግሥትና ከደብር ወጥቶ ወደ ንግድ የገባው ገና በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነበር። እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች በአዲስ አበባ ለሌጋሲዮን ሰዎችና ለመንገደኞች ዓድዋን ደጋግመው እየሣሉ ሸጠዋል፤ ዛሬ በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየምና በዋሽንግተኑ ስሚዝሶንያን የሚገኙት የዓድዋ ሥዕሎች የዚህ ባህል ፍሬዎች ናቸው። በዚያው ዘመን የአውሮፓ ጋዜጦች ደግሞ በራሳቸው መንገድ ይሥሉን ነበር፤ በኢጣልያ «ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪየሬ» የተባለው መጽሔት ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽፋኑን በአኪሌ ቤልትራሜ እያሣለ ጦርነትን በየሳምንቱ ወደ ምግብ ቤቱና ወደ ጸጉር አስተካካዩ ቤት ያስገባ ነበር። ሁለቱም ወገን ጦርነትን በሥዕል የመሸጥ ጥበብ ያውቃል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ከሰማይ ማን እንደሚመለከት ነበር።

አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ ሰማይ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። መንግሥት በዚህ ነገር ምን ያህል እንደተደሰተ ለማወቅ ቴምብሮቹን ማየት ይበቃል፤ የመጀመሪያው አውሮፕላን የመድረሱ መታሰቢያ በነባሮቹ ቴምብሮች ላይ ተደርቦ ታተመ፤ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ አውሮፕላን በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ሲበር የሚያሳዩ የአየር ፖስታ ቴምብሮች ወጡ። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ በብልቃጥ እንደተቀመጠ ሽቱ የሚጠነቀቁላቸው እነዚህ ወረቀቶች፣ አውሮፕላንን በኅትመት ያሳዩን የመጀመሪያዎቹ የራሳችን ሥዕሎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእነርሱ ላይ አውሮፕላኑ የሥልጣኔ መልአክ ነው እንጂ የሞት መልእክተኛ አይደለም።

ነገር ግን ከቴምብሩ ሥዕል በፊት ሌላ ነገር ሆኗል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በደብረ ዘቢጥ አቅራቢያ በአንቺም ሜዳ ላይ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር በተዋጉ ጊዜ፣ የመንግሥቱ አውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ወረቀት በትኖ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ወደቁ። ከሰማይ ወረቀት ሲወርድ ያየ የበጌምድር ወታደር ምን እንዳለ የጻፈልን የለም፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ምድር አውሮፕላን በጦር ሜዳ የዋለው ባዕድ ከመምጣቱ በፊት በወንድማማቾች መካከል መሆኑን፣ ቦታውም ከራያ ቆላ ወደ ምዕራብ ተራራው ማዶ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ልክ በስድስት ዓመቱ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ይኸውም በጊዮርጊስ ዋዜማ፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ።

የማይጨው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር አይገባውም፤ እኔ ግን ሰማዩን ብቻ ይዤ አልፋለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከክብር ዘበኛቸው ጋር ሆነው በኢጣልያ ምሽግ ላይ ቀኑን ሙሉ ካጠቁና ጥቃቱ ካልሠመረ በኋላ፣ ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ፣ በተለይም መጋቢት 26 ቀን፣ ከሰማይ በቦምብና በመርዝ ተቀጠቀጠ። ከማይጨው በፊትም ቢሆን የቆረም ሜዳ እረፍት አልነበረውም፤ የእንግሊዝ የአምቡላንስ ቡድን ቀይ መስቀሉን በድንኳኑ ላይ ዘርግቶ ሳለ በየካቲት መጨረሻ ገደማ ተደበደበ፤ በመጋቢትም የቀይ መስቀል አውሮፕላን ራሱ በቆረም ተቃጠለ። ያን አውሮፕላን ወደዚያ ካመጡት ሰዎች አንዱ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር፤ ይህ ሰው ከድል በኋላ ተመልሶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያደራጀ፣ በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት የሞተ ነው። ከቆረም እስከ ጎዴ የተዘረጋ እንዲህ ያለ ሕይወት በእንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ ስንት ሥዕል በወጣለት ነበር ብሎ መገረም አይከፋም።

እንግዲህ ማይጨውን ሊሥል የተነሣ ባህላዊ ሠዓሊ ምን ገጠመው? የዓድዋ ደንብ አልሠራለትም። ጠላት በአንድ ዓይን ይሣል ቢል፣ ከላይ ያለው ጠላት ፊት የለውም፤ ክንፍና ሞተር ብቻ ነው። ስሙን ከራሱ አጠገብ ልጻፍ ቢል ስሙን አያውቀውም። ቅዱስ ጊዮርጊስን በመካከል ላስቀምጠው ቢል ቦታው በአውሮፕላን ተይዟል። ስለዚህም አውሮፕላን የገባባቸው የዘመኑ ሥዕሎች ከፍ ያለውን የሸራ ክፍል ለብረት ወፎች ሰጥተው፣ ሰዎቹን ከታች እንደ ቀድሞው በስማቸውና በሁለት ዓይናቸው ቢያኖሩም፣ በላይኛውና በታችኛው መካከል የነበረው ውል ፈርሷል። እኔ በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ትልቅ እውነት አያለሁ፤ የአውሮፓው ሠዓሊ በጸዳ ደመና የሸፈነውን ነገር የእኛው ሠዓሊ ሳይሸፍን ትቶታልና።

ከሥዕል ሁሉ የበለጠውን የማይጨው ሥዕል ግን በቀለም ሳይሆን በቃል የሣሉት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው እላለሁ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ፣ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው የሚረጩት መርዝ እንደ አንድ ወጥ ጉም መሬቱን ሲሸፍነው፣ ወታደሩን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙንና ሣሩን ሲመርዝ አሳይተዋል። ይህ የአውሮፕላን ሥዕል ነው፤ የተሣለውም ከታች ወደ ላይ ነው። በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የጄኔቩ ንግግር በግድግዳ ሥዕል መቀመጡ ስለዚህ ተገቢ ነው፤ ይሁንና ሥዕሉ ተናጋሪውን እንጂ የተነገረውን አያሳይም።

በዚያው ወራት በኢጣልያ የሚታተመው ነገር ደግሞ ሌላ ነበር። ኢጣልያዊው ገጣሚ ማሪኔቲና ተከታዮቹ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር ሥዕል የሚል መግለጫ አውጥተው፣ ዓለምን ከአውሮፕላን ፍጥነትና ከፍታ ማየት የአዲስ ዘመን ውበት ነው እያሉ ይሰብኩ ነበር፤ ማሪኔቲም ራሱ ለኢትዮጵያው ጦርነት በፈቃዱ ዘምቷል። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በጦርነቱ አብራሪ ሆኖ ካገለገለ በኋላ በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቦምብ በፈረሰኞች መካከል ሲፈነዳ ያየውን ከአበባ መፈንዳት ጋር አመሳስሎ በመጻፉ የብዙዎች መነጋገሪያ ሆኗል። ይህ የአንድ ወጣት ጭካኔ ብቻ መስሎ ሊታየን አይገባም፤ ከላይ ሆኖ ሲታይ ነገሩ በእርግጥ እንደዚያ ይመስል ይሆናል፤ ክፉው ነገር ያ ነው። ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረው ኤንሪኮ ዴ ሴታ ለወታደሮች የሣላቸው አስቂኝ ፖስት ካርዶች ናቸው። ከእነርሱ በአንዱ ላይ የኢጣልያ ወታደር የተባይ ማጥፊያ መርጫ ይዞ በኢትዮጵያውያን ላይ ሲረጭ ይታያል። የኢጣልያ መንግሥት መርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ታሪክ ጸሐፊው አንጀሎ ዴል ቦካ እውነቱን በመጻፉ ለረጅም ዓመታት ስድብ ተቀብሏል፤ ፖስት ካርዱ ግን ገና በጦርነቱ ዘመን በቀልድ ቋንቋ ተናዝዞ ነበር። ዛሬ ይህ ካርድ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆኖ ይገዛል፣ ይሸጣል። የሚገዛው ሰው ሁሉ ፋሺስት ነው አልልም፤ ሰነድ አድርጎ የሚይዘው ይኖራል። ነገር ግን ያለ ማብራሪያ በክፈፍ ገብቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርድ ያው የተሣለበትን ሥራ ይሠራል።

ወደ ራያ ልመለስ። ማይጨው በእኛ ግድግዳ ላይ የማይሰቀልበት ሌላው ምክንያት እዚህ ነው፤ እርሱንም ሳይሸፋፍኑ መናገር ይሻላል። የራያና የአዘቦ ሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥቱ ላይ ዐምፆ በጦር ተቀጥቶ ነበርና፣ ቂሙ ገና ትኩስ ሳለ ኢጣልያ ብርና ጠመንጃ ይዛ በመምጣቷ፣ ከማይጨው የሚመለሰውን የንጉሠ ነገሥቱን ጦር በመንገድ ያጠቃ ከዚህ አገር ሰው አለ። አብሮት የሞተም አለ። ከዚያ በኋላ የኢጣልያ ጦር በዚሁ በእኛ ሜዳ፣ በቆቦና በወልድያ መንገድ፣ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም መጨረሻ 1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ወያኔ የተባለው ዐመፅ በራያ፣ በእንደርታና በውጅራት በተቀጣጠለ ጊዜ፣ ከዓደን የተነሡ የእንግሊዝ ብሌንሃይም አውሮፕላኖች በንጉሠ ነገሥቱ ጥያቄ መቐለን ደበደቡ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው፣ መጀመሪያ የንጉሡ ጠላት አውሮፕላን በንጉሡ ላይ፣ ቀጥሎም የንጉሡ ወዳጅ አውሮፕላን በእርሱ ወገን ላይ ቦምብ ሲጥል አይቷል ማለት ነው።

ይህን የመሰለ ታሪክ ለገበያ አይመችም። የሚሸጥ የጦር ሥዕል ገዢው ያለ ጥርጥር የሚቆምበት ወገን ይፈልጋል፤ ዓድዋ ይህን ይሰጠዋል፤ የእንግሊዝ ሰማይ ውጊያም ለእንግሊዛዊው ይሰጠዋል። ብሌንሃይም በእንግሊዝ ሰብሳቢዎች ዘንድ የተወደደ አውሮፕላን ነው፤ በሥዕሎቻቸው ላይ በጀርመን መርከቦችና ወደቦች ላይ በጀግንነት ዝቅ ብሎ ሲበር ይታያል፤ አብራሪዎቹም ጀግኖች መሆናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ያው ሞተርና ያው ክንፍ በመቐለ ገበያተኛ ዓይን ምን ይመስል እንደነበረ በፊርማ የሚያጸና ሰው አልተጠራም። የራያን ሰማይ በእውነት የሚሥል ሠዓሊ ወዳጅንና ጠላትን በዓይን ቁጥር ለመለየት ይቸገራል፤ ይህም ችግር የሠዓሊው ስንፍና ሳይሆን የታሪኩ ጠባይ ነው።

ከኢጣልያ ወረራ ጦርነት በዓለም ዙሪያ ለመታተም የበቃ አንድ ምስል እንኳ ቢኖር፣ እርሱ ከደሴ ድብደባ ጋር የሚያያዘው ፎቶግራፍ ነው፤ ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ከተደበደበች በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ካልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው የሚታዩበት። በጃማይካና በሌሎች አገሮች ያሉ የራስተፈሪ እምነት ተከታዮች ይህን ምስል እንደ ቅዱስ ሥዕል አክብረው በግድግዳ ይሰቅሉታል፤ በፖስተርም አብዝተውታል። ነገሩን በጥሞና ያየ ሰው የሚያገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስን አቋም ነው፤ እግሩ በደራጎኑ ላይ፣ ፊቱ ሳይታወክ። ከሰማይ የተሻረው ሰማዕት በምድር ላይ በሌላ አምሳል ተመለሰ ለማለት ያስደፍራል። ለዚህ ነው ይህ ምስል የተሸጠው፤ ማይጨው ግን ለዚህ ዓይነት አቋም ቦታ አልነበረውም። ማይጨው ከሆነ በዓመቱ ጀርመኖችና ኢጣልያኖች የስፔይኗን ጌርኒካ ሲደበድቡ ፒካሶ የሣለው ታላቅ ሥዕል አንድም አውሮፕላን የለበትም፤ ሰማዩን ጨርሶ ትቶ እናቲቱን፣ ፈረሱንና የወደቀውን ወታደር ሣለ። እርሱም የባህላዊ ሠዓሊያችንን ችግር አግኝቶት ነበር፤ የፈታው ግን ሰማዩን በመዝጋት ነው። በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ በወረቀት ታትሞ መሰቀሉም፣ ሽንፈት አይሸጥም የሚለውን አባባል በከፊል ያፈርሰዋል።

የአብራሪ ፊርማ ልማድ ወደ እኛ አገር ቢመጣ የማን ፊርማ እንደሚፈለግ አያጠራጥርም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ በኤፍ-5 አውሮፕላን የሶማሊያን ሚግ የጣሉት እንደ ለገሠ ተፈራና እንደ በዛብህ ጴጥሮስ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ለገሠ ራሱ አውሮፕላኑ ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ከዐሥር ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ቆይቷል። እነዚህን ሰዎች በሥዕል ማክበር ይገባል፤ አየር ላይ ከአየር ጋር የተደረገ ውጊያ እንደ ጥንቱ የፈረሰኛ ግጥሚያ ስለሆነ ለሥዕል ይመቻልና። ነገር ግን የዚያው አየር ኃይል ሚጎች ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በገበያ ቀን ሐውዜንን ደበደቡ። በሐውዜን ሥዕል ግርጌ ማን ይፈርማል? በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በአላማጣ፣ በቆረምና በማይጨው ከአየር በተሰነዘረ ጥቃት ሰላማውያን ሰዎች መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ አስታውቋል፤ ይህ የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ድሮን የገባበት ስለሆነ፣ ወደፊት ሠዓሊው የሚቸገረው ጠላት ፊት ስለሌለው ብቻ ሳይሆን በአውሮፕላኑ ውስጥ ጭራሹን ሰው ስለሌለ ነው። ፊርማ የሚሸጠው ንግድ በዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት እጓጓለሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

ስለዚህ አንድ አሳታሚ ወይም አንድ ሠዓሊ ማይጨውን ለማሳተም ቢነሣ የምመክረው ነገር ከአውሮፓ ገበያና ከራሳችን ግድግዳ የተውጣጣ ነው። ቁጥሩ ይወሰን፤ ተራ ቁጥርም ይጻፍበት፤ ይህ ለሠዓሊው እንጀራ ነውና ነውር የለበትም። ሥዕሉ ግን ከሜዳው ወደ ላይ ይሣል፤ ከግራ የአሸንጌ ሐይቅ፣ ከቀኝ ወደ ቆረም የሚወጣው ዳገት፣ በመካከል በሁለት ዓይን የሚያየው ሰው፤ የራያውም ሰው በሁለቱም ወገን ይግባ፤ ከጦሩ ጋር የሞተውም፣ በጦሩ ላይ የተኮሰውም በሁለት ዓይኑ ይሣል። በ1928 ዓ.ም. ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠናውን ያለፈ ስለሆነ በእርሳስ የሚፈርም ምስክር ለማግኘት ጊዜው አልፏል፤ በፊርማው ቦታ በተጻፈ ምስክር መተካት ግን ይቻላል። ንጉሠ ነገሥቱ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ብለው የተዉት ታሪክ አለ፤ ቼኩ አዶልፍ ፓርለሳክ በሰሜኑ ግንባር ያየውን የጻፈበትና ተጫነ ጆብሬ መኰንን «የሐበሻ ጀብዱ» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት መጽሐፍ አለ፤ በጄኔቭ የተነገረውም ንግግር በመዝገብ ይገኛል። ከእነዚህ የቀን፣ የቦታና የመሣሪያ ስም እየተወሰደ፣ አባቶች በየመኰንኑ ራስ አጠገብ እንደጻፉት፣ በሥዕሉ ውስጥ በግልጽ ፊደል ይጻፍ። ከላይ ባሉት አውሮፕላኖችም አጠገብ ይጻፍ፤ የአብራሪው ስም ባይታወቅ የጓዱ ስም፣ የላከው መንግሥት ስምና የተጫነው መርዝ ስም ይታወቃልና። ይህ ትልቅ ማተሚያ ቤት አያሻውም፤ ዛሬ ዓድዋን በሸራ ላይ አትሞ ለዋጃ ሻይ ቤት የሚልከው ያው የከተማ ማተሚያ በዚያው ዋጋ ሊሠራው ይችላል።